«ት/ቤት» ሊንኩን ሲሰብር፦ ልዩ ምልክቶችን በድረ ገጽ ማስፈንጠሪያ ውስጥ በትክክል የመጻፍ ዝርዝር መመሪያ

ለአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ድረ ገጽ ስሠራ ከእያንዳንዱ እቃ ሥር «በዋትስአፕ ይዘዙ» የሚል ቁልፍ አስቀምጬ ነበር። ደንበኛው ቁልፉን ሲነካ መልእክቱ ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ የሚቀረው መላክ ብቻ ነው። ሞከርኩት፤ ሠራ። የሞከርኩት ግን «ማስመሪያ» በሚል አንድ ቃል ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለመደብሩ ደወለልኝና «ሰው ሁሉ ደብተር ብቻ ነው የሚያዘው፤ እስክሪብቶ የሚፈልግ ጠፋ እኮ» አለኝ።

እቃው የተመዘገበው «ደብተር & እስክሪብቶ ለት/ቤት በ20% ቅናሽ» ተብሎ ነበር። ወደ ዋትስአፕ የሚደርሰው ግን «ደብተር» የሚለው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በዚያች አጭር ሐረግ ውስጥ አራት ዓይነት ችግር ታጭቆ ሳላየው አልፌያለሁ። ይህ መመሪያ እነዚያን አራቱንና ሌሎች ዘመዶቻቸውን በየተራ ያነሣል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። አድራሻዎችንና የኮድ ስሞችን እዚህ የምጽፋቸው በፊደላችን ነው። እርስዎ ኮምፒውተርዎ ላይ ሲጽፉ በላቲን ይጻፏቸው። ከአሃዝ ጋር ተጣብቀው የሚመጡት «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ»፣ «ዲ»፣ «ኢ» እና «ኤፍ» እያንዳንዳቸው አንድ የላቲን ፊደልን ይወክላሉ። ምልክቶቹና አሃዞቹ ግን እንዳሉ ናቸው፤ እንደ «ኢንኮድ-ዩአርአይ» ባሉ የተግባርና የቀመር ስሞች ውስጥ ያለው ሰረዝ ብቻ ለንባብ የገባ ስለሆነ ሲጽፉ ይተዉት።

አድራሻው ከምን ከምን ተሠራ?

ይህን የምናብ አድራሻ ይመልከቱ፦

ኤችቲቲፒኤስ://መደብር.ኮም/እቃዎች/ደብተር?ቀለም=ሰማያዊ&ገጽ=2#ዋጋ

እስከ «://» ያለው ብሮውዘሩ በምን ዓይነት ስምምነት እንደሚነጋገር ይናገራል። ቀጥሎ የድረ ገጹ ስም አለ። ከስሙ በኋላ በእዝባር (/) እየተከፋፈለ የሚሄደው መንገዱ ነው፤ እያንዳንዱ እዝባር አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ያስገባል። ከጥያቄ ምልክቱ (?) ቀጥሎ ለገጹ የምንሰጠው መረጃ በጥንድ በጥንድ ይመጣል፤ ስምና ዋጋ በእኩል ምልክት (=) ይያያዛሉ፣ አንዱ ጥንድ ከሌላው በ«&» ይለያል። ከ«#» በኋላ ያለው በገጹ ውስጥ የትኛው ቦታ ላይ እንደምናርፍ ያመለክታል። ይህ የመጨረሻው ክፍል ጨርሶ ወደ ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹን ወደሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ አይላክም፤ ብሮውዘሩ ለራሱ ያስቀረዋል።

በብራና መጻሕፍታችን ቃል ከቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ (፡) ነው። አንባቢው ሁለቱን ነጥቦች ሲያይ ቃሉ ማለቁን ያውቃል እንጂ ነጥቦቹን አያነባቸውም። በአድራሻ ውስጥም «/»፣ «?»፣ «&»፣ «=» እና «#» እንዲሁ ናቸው፤ ሥራቸው መለየት ነው። ችግሩ የሚመጣው መለያው ራሱ የመልእክታችን አካል ሲሆን ነው። «ደብተር & እስክሪብቶ» ስንል እኛ «እና» ማለታችን ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን «የመጀመሪያው ዋጋ እዚህ አበቃ፣ አዲስ ጥንድ ጀመረ» ብሎ ይረዳል። መረዳቱም ትክክል ነው፤ የምንናገረውን ያላስተካከልነው እኛ ነን።

መድኃኒቱ ምልክቱን በሌላ መልክ መጻፍ ነው። የፐርሰንት ምልክት (%) እናስቀድምና የምልክቱን ቁጥር እናስከትላለን። ሁልጊዜ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

ክፍት ቦታ = %20
" = %22
# = %23
% = %25
& = %26
+ = %2ቢ
/ = %2ኤፍ
: = %3ኤ
= ራሱ = %3ዲ
? = %3ኤፍ

የመደብሩ ሐረግ እንግዲህ «ደብተር%20%26%20እስክሪብቶ%20ለት%2ኤፍቤት%20በ20%25%20ቅናሽ» ይሆናል። የማይነኩትስ? አሁን የሚሠራበት ደንብ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አርኤፍሲ 3986፣ በነጻነት የሚገቡትን በግልጽ ይዘረዝራል፦ የእንግሊዝኛ ፊደላት ትልቁም ትንሹም፣ ከ0 እስከ 9 ያሉት አሃዞች፣ እንዲሁም አራት ምልክቶች ማለትም «-»፣ «.»፣ «_» እና «~»። ሌሎች 18 ምልክቶች የመለያነት ሥራ ተይዞላቸዋል። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ሁሉ፣ መላው የግዕዝ ፊደልም ጭምር፣ አድራሻ ውስጥ የሚገባው በኮድ ተለውጦ ነው።

«ለ» እንዴት ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል?

ብሮውዘሩ ላይ በአማርኛ ያየነውን አድራሻ ቀድተን ቴሌግራም ላይ ስንለጥፈው መዓት ፐርሰንትና አሃዝ የሚወጣው ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቫይረስ የመሰለው ሰውም አጋጥሞኛል። ነገሩ ተራ ሒሳብ ነው፤ በእስክሪብቶ ሊሠሩት ይችላሉ።

ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ፣ የዓለምን ፊደላት በቁጥር ወደሚመዘግበው ሥርዓት፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ «ለ» 4616 ነው። ዩቲኤፍ-8 የተባለው አጻጻፍ፣ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት፣ ይህን ቁጥር በሦስት ባይት ያስቀምጠዋል። 4616ን ለ4096 ያካፍሉ፤ 1 ደርሶ 520 ይቀራል። 520ን ለ64 ያካፍሉ፤ 8 ደርሶ 8 ይቀራል። ስለዚህ 1፣ 8 እና 8 አገኘን። በመጀመሪያው ላይ 224፣ በሁለቱ ላይ 128፣ 128 ይደምሩ፤ 225፣ 136፣ 136 ይመጣል። እነዚህን በ16 መሠረት፣ ማለትም ከ10 እስከ 15 ያሉት ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ባሉት ፊደላት በሚተኩበት አቆጣጠር፣ ሲጽፏቸው ኢ1፣ 88፣ 88 ናቸው። ፐርሰንቱን ያስቀድሙ፦ %ኢ1%88%88። ይህ «ለ» ነው።

አንድ ፊደል በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ቁምፊ ይወስዳል። በአማርኛው ውክፔዲያ የ«አዲስ_አበባ» ገጽ ስም ለዓይን ሰባት ቁምፊ ነው፤ በኮድ ሲጻፍ ግን ስድስቱ ፊደላት 54፣ ከታች የተሰመረችው አንድ፣ በድምሩ 55 ይሆናል። የብሮውዘሩ አድራሻ መስመር ለእኛ ሲል በፊደል ያሳየናል፤ ስንቀዳው ግን እውነተኛውን መልክ ይሰጠናል። ሁለቱም አንድ አድራሻ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ጣል ላድርግ። ሊንኩ በወረቀት ላይ የሚታተም፣ በኪውአር ኮድ የሚወጣ ወይም በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚላክ ከሆነ የአማርኛ ርዕሱን አድራሻው ውስጥ አያስገቡት። አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ብቻ ከተጻፈ 160 ቁምፊ ይይዛል፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ከገባበት ወደ 70 ይወርዳል። ፊደሉን በኮድ ለውጠን 160ውን እናድን ብንል ደግሞ በየፊደሉ ዘጠኝ እየተቆጠረ ሌላ ቃል የምንጽፍበት ቦታ አይተርፍም። ለእንዲህ ያለው የእቃውን ቁጥር መጠቀም ይሻላል፤ «/እቃ/214» ማንንም አያስቸግርም።

ሥራው በቅደም ተከተል

መጀመሪያ ዋጋውን ለሰው እንደሚነበብ አድርገው ለብቻው ያስቀምጡት። ፊትና ኋላው ላይ የተረሳ ክፍት ቦታ ካለ ያጥፉ። «ደብተር & እስክሪብቶ» በዚህ ጊዜ ልክ እንዲሁ ነው መሆን ያለበት፤ ማንም ቀድሞ «%26» አድርጎ የጻፈው እንዳይሆን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ያንን ዋጋ ብቻውን፣ አንድ ጊዜ፣ ወደ ኮድ ይለውጡ። ገና ከአድራሻው ጋር አልተገጣጠመም። አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ይህን ቅደም ተከተል በማፍረስ ነው፦ ሰው መጀመሪያ አድራሻውን ሙሉ ይገጣጥምና በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ላይ ለመለወጥ ይሞክራል። በዚያን ጊዜ የትኛው «&» መለያ፣ የትኛው «&» የእቃ ስም እንደነበረ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ስኳር ከጨው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ መልቀም እንደማይቻል ሁሉ ማለት ነው።

ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው «ኢንኮድ-ዩአርአይ-ኮምፖነንት» ነው። «ኢንኮድ-ዩአርአይ» የሚባል አጭር ስም ያለው ወንድም አለው፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙዎችን ያሳስታል። አጭሩ «&»፣ «?»፣ «=»፣ «#»፣ «+» እና «/»ን ሳይነካ ያልፋል፤ ለነጠላ ዋጋ አይሆንም። እኔ የተሳሳትኩት በዚህኛው ነው። በፒኤችፒ «ሮ-ዩአርኤል-ኢንኮድ» ክፍት ቦታን %20 ያደርጋል፤ «ዩአርኤል-ኢንኮድ» ግን የመደመር ምልክት ያደርገዋል። በፓይተን «ኮት» የተባለው ተግባር ራሱ ካልተነገረው እዝባርን አይለውጥም፤ «ሴፍ» የተባለውን መቀበያ ባዶ አድርገው ይስጡት። ፕሮግራም የማይጽፉ ሰዎችም ተስፋ አይቁረጡ፦ ጉግል ሺትስ ውስጥ «ኢንኮድ-ዩአርኤል» የሚል ቀመር አለ። የእቃዎቹን ስም በአንድ ዓምድ፣ ቀመሩን በሚቀጥለው ዓምድ ያስቀምጡ፤ መቶውን ሊንክ በአንድ ጊዜ ይጨርሳሉ።

ሦስተኛው ሥራ መገጣጠም ነው። መለያዎቹን እርስዎ በእጅዎ፣ እንዳሉ፣ ሳይለወጡ ያስገባሉ፤ በመካከላቸው የተለወጡትን ዋጋዎች ይሰካሉ። በዋትስአፕ ሊንክ የመደብሩ ስልክ ቁጥር የሚጻፈው በአገር ኮድ ነው፤ 251 ብሎ ይጀምራል፤ የመደመር ምልክቱም ሆነ የመነሻው ዜሮ ይቀራል። ከዚያ «?ቴክስት=» ይባልና የተለወጠው መልእክት ይከተላል።

አራተኛው ሊንኩን ኤችቲኤምኤል ገጽ ውስጥ ማስገባት ነው። እዚህ ሌላ ደንብ ይጨመራል። በገጹ ምንጭ ጽሑፍ ውስጥ መለያ የሆነው «&» «&ኤኤምፒ;» ተብሎ ይጻፋል፤ ብሮውዘሩ ሲያነበው ወደ «&» ይመልሰዋል። ይህ ከ%26 ጋር ፈጽሞ አንድ አይደለም። %26 የእቃው ስም ውስጥ ላለው «&» ነው፤ «&ኤኤምፒ;» በጥንዶች መካከል ለቆመው ነው። አንዱን በሌላው ቦታ የተጠቀመ ሰው ሊንኩ ለምን እንደማይሠራ ሲፈልግ ይውላል። አብዛኞቹ የድረ ገጽ መሥሪያ መሣሪያዎች ይህን ደረጃ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ስለዚህ እርስዎም ደግመው እንዳይሠሩት ይጠንቀቁ።

የመደመር ምልክት ተንኮል

ለብቻው ርዕስ የሰጠሁት ስለሚገባው ነው። የድረ ገጽ ቅጾች መረጃ ሲልኩ ክፍት ቦታን «+» አድርገው የመጻፍ የቆየ ልማድ አላቸው። ስለዚህ ከጥያቄ ምልክት በኋላ «+» ያየ ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ክፍት ቦታ ነው ብሎ ያነበዋል። «ስልክ=+251...» ብለው ከላኩ የሚደርሰው በክፍት ቦታ የሚጀምር 251 ነው፤ ቁጥሩ በመዝገብ ሲፈለግም አይገኝም። «%2ቢ251...» ብለው ይላኩ።

በመንገዱ ክፍል ውስጥ ግን «+» ያው «+» ነው። በኢሜይል ሊንክም እንዲሁ፦ በ«ሜይልቱ:» የሚጀምር ሊንክ ላይ ርዕሱን «የዋጋ+ጥያቄ» ብለው ከጻፉ ተቀባዩ መደመሩን እንዳለ ያየዋል። እንግዲህ ክፍት ቦታን ሁልጊዜ %20 ማድረግ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል፤ በሁሉም ቦታ ይሠራል። በኢሜይሉ ጽሑፍ ውስጥ አዲስ መስመር መጀመር ከፈለጉ «%0ዲ%0ኤ» ያስገቡ።

ሊንክ በሊንክ ውስጥ

የቴሌግራም «አጋራ» ቁልፍ የአንድን ገጽ አድራሻ እንደ ዋጋ ይቀበላል። የሚጋራው አድራሻ የራሱ «?» እና «&» ካለው ሙሉ በሙሉ፣ ከ«ኤችቲቲፒኤስ» ጀምሮ፣ ይለወጣል፤ መነሻው «ኤችቲቲፒኤስ%3ኤ%2ኤፍ%2ኤፍ» ይሆናል። ውስጠኛው አድራሻ አስቀድሞ %20 ካለበት አሁን %2520 ሆኖ ይወጣል፤ የፐርሰንቱ ምልክት ራሱ %25 ሆኗልና። አይደንግጡ፤ እዚህ ላይ ትክክል ነው። ፖስታ በፖስታ ውስጥ ስለሆነ ውጭኛው ሲከፈት ውስጠኛው እንደ ታሸገ ይወጣል። በዚህ ዓይነት ያልታሸገ ሊንክ ላይ %2520 ካዩ ግን አንድ ዋጋ ሁለት ጊዜ ተለውጧል ማለት ነው፤ አንባቢው በክፍት ቦታው ፋንታ «%20» የሚል ጽሑፍ ያያል።

የአማርኛ ጸሐፊ ብቻ የሚያውቃቸው ጣጣዎች

በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች እነዚህን አይነግሩዎትም።

የመጀመሪያው እዝባር ነው። እኛ ቃል ስናሳጥር እዝባር እንወዳለን፦ ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ መ/ቤት፣ ዶ/ር፣ ወ/ሮ። «/ዜና/ፍ/ቤት» የሚል መንገድ ለሰርቨሩ «ዜና» ውስጥ «ፍ» የሚባል ክፍል፣ በውስጡም «ቤት» የሚባል ገጽ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ስለሌለ «አልተገኘም» የሚል 404 ይመልሳል። %2ኤፍ ማድረግ በደንቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አፓቼን የመሳሰሉ ሰርቨሮች በመንገድ ክፍል ውስጥ %2ኤፍ ሲያዩ በነባሪ ቅንብራቸው አይቀበሉትም። ስለዚህ በመንገዱ ውስጥ ቃሉን አስረዝመው «ፍርድ-ቤት» ብለው ይጻፉ። ከጥያቄ ምልክት በኋላ ለሚመጣ ዋጋ ግን %2ኤፍ ያለ ችግር ያልፋል።

ሁለተኛው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለአድራሻ ግን ሦስት የተለያዩ ገጾች ናቸው፤ ኮዳቸው አይገናኝም። የድረ ገጽዎ አድራሻ በፊደል ከሆነ አንዱን አጻጻፍ ይምረጡ፤ ሌሎቹን ወደ እሱ እንዲመሩ ያድርጉ።

ሦስተኛው ሥርዓተ ነጥባችን ነው። አንድ ሰው ሊንክ ጽፎ ክፍት ቦታ ሳይተው አራት ነጥብ ቢያደርግ፣ አንዳንድ መተግበሪያዎች «።»ን የአድራሻው ክፍል አድርገው ይይዙታል። በሰርቨር መዝገብ ላይ በ«%ኢ1%8ዲ%ኤ2» የሚያልቁ ያልተገኙ አድራሻዎች ካዩ ያ አራት ነጥብ ነው። ሰዋስዋችንም ችግሩን ያባብሰዋል፦ ሊንኩ ላይ በቀጥታ «ን» ወይም «ም» ቀጥሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ከሊንክ በኋላ ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ቢቻል ሊንኩን በራሱ መስመር ላይ ያሳርፉት። በአማርኛ ሰሌዳ ላይ እያሉ አድራሻ ሲጽፉ «:» በሚለው ፋንታ «፡» እንዳይገባም ይመልከቱ፤ ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ብሮውዘሩ ግን አያምታታቸውም።

የድረ ገጹ ስም ራሱ በግዕዝ ፊደል ከሆነ ደግሞ የፐርሰንት ኮድ አይሠራበትም። ስሙ ፒዩኒኮድ በተባለ ሌላ ዘዴ «ኤክስኤን--» ብሎ ወደሚጀምር ጽሑፍ ይለወጣል። ይህን ብሮውዘሩ ይሠራዋል፤ እርስዎ አይድከሙ።

ሲበላሽ ከምን እናውቀዋለን?

መልእክቱ መሐል ላይ ከተቆረጠ የተቆረጠበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ከዚያ ቀጥሎ «&» ወይም «#» ነበረ። በ«#» የተቆረጠ ከሆነ በሰርቨር መዝገብ ላይ ቀሪውን አይፈልጉት፤ ከብሮውዘሩ አልወጣም። በአማርኛው ፋንታ ጭረት የተጫነበት የላቲን «ኤ» እየደጋገመ የሚመጣበት ቡራቡሬ ጽሑፍ ካዩ፣ ኮዱ በትክክል ተልኳል፤ ተቀባዩ ግን ባይቶቹን በዩቲኤፍ-8 ሳይሆን በድሮው የምዕራብ አውሮፓ አጻጻፍ አንብቧቸዋል። ያ «ኤ» የፊደሎቻችን ሁሉ መነሻ የሆነው ኢ1 ነው። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከመጣ ፊደሉ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ብዙውን ጊዜ የመረጃ ቋቱን ቅንብር መፈተሽ ያስፈልጋል። ጃቫስክሪፕት ኮዱን ሲፈታ ስሕተት ብሎ ከቆመ ደግሞ ብቻውን የቆመ «%» ይፈልጉ፤ «20% ቅናሽ» የሚል ነገር የሆነ ቦታ ሳይለወጥ አልፏል።

እኔ አሁን ሊንክ ሠርቼ ከማስረከቤ በፊት ይህን ዓረፍተ ነገር በዋጋነት አስገባዋለሁ፦ «ፀሐይ & ት/ቤት + 20% = #1?»። ቁልፉን በስልክም በኮምፒውተርም እነካና በማዶ የወጣውን ከዚህ ጋር ፊደል በፊደል አስተያያለሁ። ክፍት ቦታዎቹንም እቆጥራለሁ። አንዲት ምልክት ከጎደለች ወደ ሁለተኛው ሥራ እመለሳለሁ። ባለመደብሩ ባለፈው ሳምንት «ክላሴር + ወረቀት» የሚል አዲስ እቃ መዝግቦ ነበር፤ መደመሩም ሳይጠፋ ደርሷል።